የድሮ ሪቮልቨር፦ ክፍሎቹ የራሱ ናቸው ወይስ የተቀያየሩ? እንዴት ይለያል?

መዝጋቢዋ (ሐረር)

ጤና ይስጥልኝ። ጀጎል ውስጥ ካለ ቤተሰብ የመጣ፣ ፈቃድ ያለው፣ ለዐውደ ርእይ የሚቀርብ አንድ ሽጉጥ እየመዘገብን ነው። ባለ 6 ጎሬ (የጥይት ቀዳዳ) ሪቮልቨር ነው። በርሜሉ ስምንት ማዕዘን፣ ምላጩ ወደ ፊት የሚታጠፍ፣ የምላጭ ከለላ የሌለው። አካሉ ላይ በላቲን ፊደል «ካስቴሊ ብሬሻ» እና 1917 ይነበባል። የአካሉ ቁጥር በ47 ያበቃል፣ የሲሊንደሩ (ጎሬዎቹን የያዘው ተሽከርካሪ ክፍል) ግን በ12። እጀታው ጥቁር ቀንድ ሲሆን በሁለት የናስ ምስማር ተይዟል። የላዩ ጥቁር ቀለም አዲስ ይመስላል።

ቤተሰቡ «የአድዋ ምርኮ ነው» ይላል። ጥያቄዬ ሁለት ነው፦ የትኛው ክፍል የራሱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? መለያ ካርዱ ላይስ ምን ብንጽፍ ልክ ይሆናል?

ሞርሳ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንዳትወለውይው። ጨርቅም፣ ላምባም፣ ምንም አይንካው። ማስረጃው ያለው ቆሻሻው ላይ ነው፤ አንዴ ከተጠረገ አይመለስም።

የገለጽሽው የጣሊያን ቦዴዮ፣ ሞዴል 1889፣ የተራ ወታደሩ ዓይነት ነው። ስምንት ማዕዘን በርሜልና ተጣጣፊ ምላጭ የእሱ ምልክት ነው። የመኮንኑ ዓይነት ክብ በርሜልና የምላጭ ከለላ አለው። አንዱ ሽጉጥ ላይ የሁለቱ ምልክት ተደባልቆ ከታየ ከሁለት ሽጉጥ የተገጣጠመ እንደሆነ ጠርጥሪ። ያንቺው እስካሁን ከራሱ ጋር ይስማማል።

ወደ ምርመራው ከመግባትሽ በፊት ባዶ መሆኑን አረጋግጪ። በቀኝ በኩል ያለውን የመጫኛ በር ክፈቺ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሪ፣ ሲሊንደሩን በእጅሽ እያዞርሽ 6ቱንም ጎሬ በባትሪ እዪ። ከዚያ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ አስገቢ፤ ዘንጉ እስከ ሲሊንደሩ ድረስ ካልገባ በርሜሉ ውስጥ የቀረ የጥይት እርሳስ አለ። ጎሬ ውስጥ የተጣበቀ ጥይት ካገኘሽ እዚያው አቁሚ። በመዶሻ መግፋት፣ በእሳት ማሞቅ፣ በካቻቢቴ መፈልፈል እጅ ያስቆርጣል። እንዳለ ለፖሊስ አሳውቁ፣ ባለሙያ ያውጣው።

ሸዋ በር (ሐረር)

የአድዋውን ነገር ልመልስ፤ እዚህ ከተማ በየጊዜው የሚነሳ ስሕተት ስለሆነ።

አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። «ሞዴል 1889» የሚለውን ሰው በእኛ አቆጣጠር ያነበውና «የአድዋ ማግስት» ይለዋል። 1889 ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞዴሉ የጸደቀበት ዓመት ነው። ቦዴዮ አድዋ ላይ ሊኖር ይችላል፣ ዘመኑ አይከለክለውም። ይህኛው ግን አካሉ ላይ 1917 ተመቷል፤ በእኛ 1909 ወይም 1910 ማለት ነው፤ ከአድዋ 21 ዓመት በኋላ። አካሉ የሽጉጡ ዋና ክፍል ነውና እሱ አድዋን ካላየ ሽጉጡም አላየም። ይበልጥ የሚያስኬደው ጣሊያን ሐረርን በያዘበት በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል መጣ ማለት ነው፤ ይህም ግን ግምት ነው እንጂ ብረቱ አይናገርም።

በዚሁ አጋጣሚ ሌላም ልንገራችሁ። ሐረር ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊ ገጣሚ «ራምቦ የሸጠው ሽጉጥ» እየተባለ የቤልጅግ ሪቮልቨር ሲቀርብ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን የሊየዥ የፍተሻ ማኅተም እዩ። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደላት (ኢ፣ ኤል፣ ጂ) ይኖራሉ። ከላያቸው ዘውድ ካለ ከ1893 ወዲህ የተመታ ነው። ራምቦ ሐረርን ለቆ የወጣው ሚያዝያ 1891 ሲሆን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሞቷል (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ባለ ዘውዱ ማኅተም በእሱ እጅ ሊያልፍ አይችልም።

ደቻቱ ማዶ (ድሬዳዋ)

ቁጥሩ አልነበብ ካለ ሎሚና አመድ ቀብቶ ማሸት ነው። ብርት ብሎ ይወጣል።

ሞርሳ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ወንድሜ፣ ለነሐስ ሰታቴ ይሆናል፤ ለዚህ በፍጹም። የሎሚው አሲድ ጥቁሩን ልባስ ይበላዋል፣ አመዱ ደግሞ የፊደሉን ጠርዝ ያዶለዱመዋል። የቁጥሩ ጠርዝ ስለታም መሆን አለመሆኑ ራሱ ዋና ማስረጃ ነው።

ለማንበብ እንዲህ ይደረግ፦ ክፍሉን አጨልሙ፣ የእጅ ባትሪውን ከብረቱ ጋር ትይዩ ሊሆን እስኪቀርብ አጋድማችሁ ከጎን አብሩ። ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። በቂ ካልሆነ የትምህርት ቤት ጠመኔ በጣት ቀባ አድርጎ ላዩን በደረቅ ጨርቅ ዳበስ ማድረግ፤ ነጩ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ሌላው መንገድ ስስ የሲጋራ ወረቀት አንጥፎ በለስላሳ እርሳስ ማሸት ነው። እሱ ለመዝገብም ይጠቅማል፤ ከነልኩ ይቀራልና።

መዝጋቢዋ (ሐረር)

በጎን ብርሃን አየሁት። የአካሉ ቁጥር ጥርት ያለ ነው፤ በአሃዞቹ ዙሪያ ብረቱ በትንሹ ወደ ላይ አበጥ ያለ ይመስላል። የሲሊንደሩ ግን ጠርዙ የተላጨ ነው። በርሜሉ ላይ «47» አለ። የጎን ሽፋኑን ገና አልከፈትኩም።

ምድር ባቡር (ድሬዳዋ)

ያ እብጠት ጥሩ ምልክት ነው። ቁጥር በመምቻ ብረት ሲመታ የተገፋው ብረት ወደ ዳር ይወጣና ከንፈር ይሠራል። ከንፈሩ እስካለ ድረስ ከተመታ ወዲህ ማንም በሊማ አልነካውም ማለት ነው። በተቀረጸ ቁጥር ላይ ግን ከንፈር የለም፣ የመቁረጫው ጭረት ነው የሚታየው።

የድሮ ቁጥር ተፍቆ አዲስ ሲመታ ደግሞ ቦታው ይሰረጉዳል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁጥሩ ላይ አስደግፊና ከኋላው ብርሃን አብሪ፤ ከማስመሪያው በታች መሐሉ ላይ ብርሃን ካለፈ ቦታው ተፍቋል። በካሊፐር የሚለካ ከሆነም ቁጥሩ ያለበትንና የሌለበትን ውፍረት አወዳድሪ። የ0.2 ሚሊሜትር ልዩነት እንኳ ያናግራል፤ ፋብሪካ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አይሞርድም።

አንዱ አሃዝ ጠልቆ ሌላው ስስ መሆኑ ብቻውን ግን ማጭበርበር አይደለም። ያኔ በእጅ መዶሻ ነበር የሚመታው። የሚያሳስበው በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለቱ 4 ቅርጻቸው የተለያየ ሲሆን ነው፤ ከአንድ መምቻ ሁለት ዓይነት 4 አይወጣም።

ሞርሳ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

የሲሊንደሩ ቁጥር አለመግጠሙ የታወቀ ነው። አሁን ብረቱም ይመስክር። አራት ቦታ ልጠቁም።

አንደኛ፣ በሲሊንደሩና በበርሜሉ መሐል ያለው ክፍተት። መካኒኮች የካንዴላ ክፍተት የሚለኩበትን ስስ የብረት ቅጠል አስገቢ። ደህና ሪቮልቨር ላይ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ነው። 0.5 ካለፈ ወይ በጣም አርጅቷል ወይ ሲሊንደሩ የእሱ አይደለም። በ6ቱም ጎሬ ለኪ፤ አንዱ ጋ ጠቦ ሌላው ጋ የሚሰፋ ከሆነ ፊቱ በእጅ የተሞረደ ሲሊንደር ነው።

ሁለተኛ፣ እኔ ከሁሉ የማምነው ይህንን ነው። ሲተኮስ ከዚያ ክፍተት የሚወጣው ጋዝ ከላይ ያለውን የአካሉን ድልድይ ከውስጥ በኩል በጥቂቱ ይቦረቡረዋል። በማጉያ ሲታይ ቀጭን የተቃጠለ መስመር ነው። መስመሩ ካሁኑ ክፍተት ልክ በላይ መዋል አለበት። ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ከሸሸ ሽጉጡ ዕድሜውን ያሳለፈው በሌላ ርዝመት ሲሊንደር ነው። ቁጥር ሊመታ ይችላል፣ ይህን መስመር ግን አስመስሎ የሚሠራ አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ሲሊንደሩ ሲዞር የማቆሚያው ጥርስ ዙሪያውን የሚያሰምረው ጭረት። ጥርሱ ከሚነካበት ቦታ ጋር አንድ መስመር ላይ መሆን አለበት። ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ጭረቶች ካሉ ሲሊንደሩ ሁለት ቤት ኖሯል።

አራተኛ፣ የዝገቱ ጉድጓድ። ዝገት ክፍል አይመርጥም። በርሜሉና አካሉ በአንድ ጎን ተበልተው መሐል ያለው ሲሊንደር ለስላሳ ከሆነ አብረው አልተቀመጡም።

ቦዴዮ ላይ የአሠራር ፈተናም አለ። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የመጫኛ በሩን ከፍተሽ ምላጩን ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ ሲሊንደሩ ይዞራል፣ መምቻው (ከኋላ ተነስቶ ጥይቱን የሚመታው ክፍል) ግን መንቀሳቀስ የለበትም። የአባዲ ሥርዓት የሚባለው ይህ ነው፤ ወታደሩ ሲጭን እንዳይባርቅበት የተሠራ። በሩ ተከፍቶ መምቻው ከተነሳ በሩ ወይም ከውስጥ የሚያገናኘው ክፍል ተቀይሯል፣ አለያም ተበልቷል። በሩ ተዘግቶ ግን በባዶው አታስመቺው፤ የመቶ ዓመት መርፌ ይሰበራል።

ከላ (ሐረር)

አዲስ የሚመስለው ቀለምስ? ማንም አልመለሰላትም።

ምድር ባቡር (ድሬዳዋ)

ትክክል። የቀለሙ ጥያቄ በዝገት ጉድጓድ ይፈታል። ማጉያ አድርጊና ጉድጓዱ ውስጥ እዪ። ጉድጓዱ ከቀለሙ በኋላ ከመጣ ውስጡ ቡናማ ወይም ግራጫ ይሆናል። ውስጡም እንደ ላዩ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ ዛገ፣ ከዚያ ተቀባ ማለት ነው። ከዚህ የሚያመልጥ የለም።

ሌሎችም አሉ። ከመቀባቱ በፊት በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ብረት ጠርዙ ይሞታል። ስምንት ማዕዘኑን በርሜል በጥፍርሽ ተሻገሪው፤ ማዕዘኑ ጥፍር የሚይዝ ስለት ሊኖረው ይገባል፣ ሳሙና ከመሰለ ተፍጓል። የቪቴ ቀዳዳዎች ዳራቸው እንደ ሳህን ከጎደጎደም እንደዚሁ፤ ማሻው ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ይሰምጣል። እጀታው ሲነሳ ከሥሩ ያለው ብረት ደግሞ የመጀመሪያውን ቀለም ይዞ ይገኛል፤ የላዩን ከእሱ ጋር አወዳድሪ።

ሁሉም የድሮ ሽጉጥ ጥቁር ነበር ብላችሁ ግን አታስቡ። በጂቡቲ መስመር የገባው የፈረንሳይ ሞዴል 1873 የወታደሩ ሽጉጥ ሲወጣ ነጭ፣ የተወለወለ ብረት ነው፣ ሲሊንደሩም ቦይ የለውም። ጥቁር የሆነው የመኮንኑ ሞዴል 1874 ሲሆን ሲሊንደሩ ባለ ቦይ ነው። ስለዚህ 1873 ጥቁር ሆኖ ከመጣ «ቀለሙ አልለቀቀም» ብላችሁ አትደሰቱ፤ ኋላ የተቀባ ነው።

ሸዋ በር (ሐረር)

ናጋንት (የሩሲያ ሪቮልቨር) ላላቸውም አንድ ነገር። ባለ 7 ጥይቱ የ1895 ናጋንት ላይ ቁጥሩ በሁሉም ክፍል ስለገጠመ ብቻ «እንደወጣ ነው» አትበሉ። የሶቪየት የጦር መሣሪያ መጋዘኖች ሽጉጡን ፈትተው ከቆለሉ በኋላ ካገኙት ክፍል ገጣጥመው የአካሉን ቁጥር በሌሎቹ ላይ እንደገና ይመቱ ነበር። በሰያፍ መስመር የተቆረጠች ትንሽ አራት ማዕዘን ካያችሁ የእድሳት ማኅተም ናት። በላዩ ተሰርዞ ጎኑ አዲስ የተጻፈ ቁጥርም የዚያው ሥራ ነው። ቁጥር የሚናገረው አንድ ሰው ክፍሎቹን አንድ ላይ እንዳደረጋቸው ነው፤ መቼ እንደሆነ አይናገርም።

ሞርሳ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

የጎን ሽፋኑን ለመክፈት፦

ቪቴዎቹ ላይ የስፌት መኪና ዘይት አንድ አንድ ጠብታ አድርጊና 2 ቀን ተዪው። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር ጎራ ብትዪ ከልብስ ሰፊዎቹ ታገኛለሽ፤ ስስና ንጹሕ ነው። የሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ አይሰርግም።

የተለመደው ካቻቢቴ ጫፉ እንደ ሽብልቅ ነው፤ ከቪቴው ስንጥቅ አፍ ላይ ብቻ ይይዝና ያንሸራትታል፣ ስንጥቁንም ይቀደዋል። ጫፉ ወጥ ውፍረት ያለው፣ ወርዱም ውፍረቱም ስንጥቁን የሚሞላ ይሁን። ከሌለ አንዱን በሊማ አስተካክይለት። ሽጉጡን በእጅ አትያዢ፤ ብረት ጠምዶ የሚይዘው የሞርሳ አፍ ወፍራም ቆዳ ተደርጎበት እዚያ ላይ ይያዝ። በደንብ ተጭነሽ ነው የምታዞሪው፤ ግፊቱ ከመዞሩ ይብለጥ።

ቪቴው ከወጣ በኋላ ሽፋኑን በስለት አትፈልቅቂው። ሁሉም ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ ጠርዙ አንዴ ከተጎዳ ለዘላለም ይታያል። ይልቅ የእጀታውን ብረት በካቻቢቴው የእንጨት እጄታ ጠቅ ጠቅ አድርጊው፤ በንዝረቱ ራሱ ይነሳል። ሲነሳ ወደ ላይ አድርገሽ ያዢው፣ ውስጡ ያለው እንዳይበተን። ትልቁን ሞላ አትንኪው፤ ለፎቶ መፍታት አያስፈልግም፣ ያረጀ ሞላም ተስፈንጥሮ ዓይን ያጠፋል።

ውስጡን ስታዪ ሦስት ነገር ፈልጊ፦ በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ያለ ቁጥር፣ በውስጥ ክፍሎች ላይ ያሉ ትናንሽ ማኅተሞች፣ እና የሊማ ጭረት። የፋብሪካ ክፍል ጭረቱ ወጥና ትይዩ ነው፤ የአገር ቤት አንጥረኛ የሠራው በየአቅጣጫው የተቆራረጠ ይሆናል። የቪቴዎቹን ጥርስም እዪ። አዲስ ቪቴ በግድ ሲገባ የቀዳዳው ጥርስ ተገፍቶ ያበራል።

ተጣጣፊው ምላጭ የሚዞርበትን ሚስማርም አትርሺ። ያ ቦታ ቶሎ ያልቃል፣ በተራ ምስማር የሚተካውም እሱ ነው። ምላጩ ሲታጠፍ ታጥፎ፣ ሲዘረጋ ተዘርግቶ መቆየት አለበት፤ ከተወዛወዘ ሚስማሩ ወይም ትንሿ ሞላ የእሱ አይደለችም።

ጌይ ጋር (ሐረር)

እጀታውን አትናቁት። በፋብሪካ የተገጠመለት የዋልነት እንጨት ነው፣ በአልማዝ ቅርጽ የተቆራረጠ። ቀንዱ የሐረር ወይም የአካባቢው እጅ ሥራ ሊሆን ይችላል።

የራሱ እጀታ እንዴት ይለያል ላላችሁ፦ የፋብሪካው ከብረቱ ጋር እኩል ሆኖ ነው የተሞረደው፣ አብረው ተገጥመው ስለተሠሩ። ከዘመን ብዛት እንጨት ይኮማተራል፤ በተለይ እንደ ድሬ ባለ ደረቅ ሙቀት የኖረው ከብረቱ በጣት የሚታወቅ ያህል ዝቅ ይላል። ከብረቱ ከፍ ብሎ የቆመ እጀታ ኋላ የመጣ ነው። ሌላው፣ ሰው እጀታን ካስገባ በኋላ ሲሞርድ ብረቱንም ይነካዋል፤ በብረቱ ዳር የሊማ ጭረት ይቀራል። ናሱ ምስማር በቀንዱ ዙሪያ አረንጓዴ ከሆነ ግን ብዙ ዘመን አብረው ኖረዋል፤ የቅርብ ጊዜ ሥራ አይደለም።

ለእኔ ይህ እጀታ ዋጋ ቀናሽ አይደለም። ብሬሻ የተሠራ ሽጉጥ ብዙ አለ፤ ሐረር ላይ ቀንድ የለበሰ ግን ጥቂት ነው። «ወደ ነበረበት እንመልሰው» ብሎ አውጥቶ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው።

ምድር ባቡር (ድሬዳዋ)

በዚህ ከጌይ ጋር ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ «ኦሪጅናል» (ከፋብሪካው የመጣ) እንዳይባል ነው ስጋቴ። እጀታው ቅርስ ነው፣ ይጠበቅ፣ ይከበር። ግን ኦሪጅናል አይደለም። ሁለቱን በካርዱ ላይ ለያይታችሁ ጻፉት፤ ተመልካች በአንድ ቃል ሁለት ነገር እንዳይረዳ።

ጌይ ጋር (ሐረር)

እሱስ ልክ ነህ። ይለያይ።

ከላ (ሐረር)

ሕጉን ለማታውቁ፦ የድሮ ነው ተብሎ ከፈቃድ ነፃ አይሆንም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ቅርስ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ይታያል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ለምርመራ ከቤት ስታወጡት ወረቀቱ አብሮት ይሂድ።

መዝጋቢዋ (ሐረር)

ጋሽ ሞርሳ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን ዘይት አስቀምጠን ዛሬ ከባለሙያ ጋር ከፈትነው። ያገኘነው፦

የጎን ሽፋኑ ውስጥ 47 አለ። በርሜል፣ አካልና ሽፋን አንድ ናቸው። የሲሊንደሩ ክፍተት በአራት ጎሬ 0.35፣ በሁለቱ 0.5 ሚሊሜትር። ድልድዩ ሥር ያለው የተቃጠለ መስመር ካሁኑ ክፍተት 1 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው። በሩ ሲከፈት መምቻው አይነሳም። የዝገት ጉድጓዶቹ ውስጣቸው ጥቁር ነው፣ ከእጀታው ሥር ያለው ብረት ግን ደብዛዛ ቡናማ ሆኖ ተገኘ። የምላጩ ሚስማር ጭንቅላቱ የተቀጠቀጠ ተራ ምስማር ነው። የናሱ ዙሪያ አረንጓዴ ነው።

ሞርሳ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ሁሉም አንድ ቃል እየተናገረ ነው። መስመሩ ወደ ኋላ መሆኑ የቀድሞው ሲሊንደር አጠር ያለ እንደነበር ያሳያል፤ የአሁኑ ረዘም ስላለ ፊቱን በሊማ ቀንሰው አስገብተውታል፣ ሁለቱ ጎሬ 0.5 የሆነውም ለዚህ ነው። ሚስማሩን አትቀይሩት፣ እንዳለ ይመዝገብ።

ስትመልሱት ብረቱን በስፌት መኪና ዘይት ባረጠበ ጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ዳብሱት፣ ቀንዱን ዘይት አታስነኩት። በቆዳ ማኅደር ውስጥ አይቀመጥ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የሐረር ክረምት ደግሞ ለዝገት ይመቻል። በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ በ3 ወር አንዴ በጓንት ይታይ። የጣት ላብ ብቻውን አሻራ የሚያህል ዝገት ይተክላል።

መዝጋቢዋ (ሐረር)

ካርዱን እንዲህ ጻፍነው፣ ስሕተት ካለ እርሙኝ፦

«ቦዴዮ ሪቮልቨር፣ ሞዴል 1889፣ የወታደር ዓይነት፣ 10.35 ሚ.ሜ.። ካስቴሊ፣ ብሬሻ፣ 1917 እ.ኤ.አ.። በርሜል፣ አካልና የጎን ሽፋን የራሱ፤ ሲሊንደር ከሌላ ሽጉጥ የመጣና የተሞረደ፤ የምላጭ ሚስማር የተተካ፤ ጥቁሩ ቀለም ከዝገት በኋላ የተቀባ። እጀታ፦ ቀንድና ናስ፣ የአገር ውስጥ እጅ ሥራ። ቤተሰቡ የአድዋ ምርኮ እንደሆነ ይተርካል፤ የአካሉ ዓመት ከአድዋ በኋላ ነው።»

ሸዋ በር (ሐረር)

«ሊሆን ይችላል» የሚባለውን በ«ነው» አልጻፍሽውም። እንዲሁ ይለጠፍ። «1917» አጠገብ ብቻ በእኛ አቆጣጠር 1909/10 መሆኑን ጨምሪበት።